ከባንኮክ ቶኪዮ ስንት ሰዓት ነው? ርቀቱንም የበረራ ሰዓቱንም ራሳችሁ ለማስላት

እናቴ ባንኮክ እኔ ጋ ከመጣች በሁለተኛው ሳምንት፣ ቶኪዮ የሚማረውን ታናሽ ወንድሜን ልናየው ትኬት ቆረጥን። ጥር ላይ ነበር። ትኬቱን አትሜ ሰጠኋት። መነጽሯን አደረገችና ቁጥሮቹን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንቺ፣ ስንሄድ ስምንት ሰዓት፣ ስንመለስ አምስት ሰዓት ነው እንዴ? መንገዱ ያው አንድ አይደለም?»

ወረቀቱን ላየ ሰው ጥያቄዋ ልክ ነው። መሄጃው ከባንኮክ 23:30 ተነስቶ ናሪታ፣ ማለትም ከቶኪዮ ኤርፖርቶች አንዱ፣ 07:30 ይደርሳል ይላል። መመለሻው ከናሪታ 17:30 ተነስቶ ባንኮክ 22:30። እንዲሁ ከቀነሳችሁት ስምንትና አምስት ነው የሚመጣው። እውነቱ ግን ተገላቢጦሽ ነው። መሄጃው ስድስት ሰዓት ነው፤ መመለሻው ሰባት። አጭር የመሰላት ነው ረጅሙ።

ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉም ግራ ትጋባላችሁ። አንዱ 5 ሰዓት ከ10 ይላችኋል፣ ሌላው 6፣ ሌላው 7። ማንም አልዋሸም። እያንዳንዱ የሚለካው ነገር ይለያያል። እኔ ይህን መንገድ በአራት ዓመት ውስጥ ደጋግሜ ስለሄድኩበት፣ የቱ ቁጥር ለምን እንደሆነ አሁን አውቀዋለሁ። ለእናቴ ያስረዳኋትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

ርቀቱ በክር

የጎረቤቴ ልጅ ለትምህርት የሚጠቀምበት ግሎብ አለው። ተዋስኩት። ዲያሜትሩ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። ከእናቴ የስፌት ሣጥን ጥቁር ክር አወጣሁና ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ አልን። የክሩን ጫፍ ባንኮክ ላይ በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ያዘችልኝ። እኔ ሌላውን ጫፍ ቶኪዮ ላይ አድርጌ ወጠርኩት።

ክሩ ሲወጠር በራሱ ወደ ሰሜን ተንሸራተተ። ላኦስን አለፈ፣ የቬትናምን ወገብ አቋረጠ፣ ደቡብ ቻይና ላይ ወጣ። እናቴ ገረማት። «ቻይና ምን ሊያደርግ ሄደ? ባሕሩን ይዞ አይሄድም?» አለች። ግድግዳ ላይ በሚሰቀለው ጠፍጣፋ ካርታ ብናሰምር ኖሮ መስመሩ የቻይናን ዳርቻ ታክኮ በባሕሩ ይሄድ ነበር። መሬት ግን ክብ ናት። በክብ ነገር ላይ አጭሩ መንገድ የተወጠረው ክር ነው። የዚህ መንገድ እኩሌታ የሚያርፈው ፉጂያን በሚባለው የቻይና ክፍለ ሀገር፣ ፉጆ ከተማ አካባቢ ነው። እዚያ ቦታ ላይ የጠፍጣፋው ካርታ መስመር ከክሩ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ይወርዳል።

ክሩን በማስመሪያ ለካነው። 11 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ በረዘመ ክር ግሎቡን በወገቡ ዞርነው፣ 94 ሴንቲ ሜትር ሆነ። የመሬት ወገብ ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 11ን ለ94 አካፍላችሁ በ40,000 አባዙት። 4,680 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ከባንኮኩ ኤርፖርት ከሱቫርናብሁሚ እስከ ናሪታ በኬክሮስና በኬንትሮስ ሲሰላ 4,650 ገደማ ነው። በስፌት ክር 30 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሳትነው። እናቴ ማስመሪያውን ወስዳ ራሷ ደግማ ለካች።

ግሎብ ከሌላችሁ ስልካችሁ ይበቃል። ጎግል ማፕስ ላይ አንዱን ኤርፖርት በጣት ጫን ብላችሁ ምልክት ታደርጋላችሁ፤ ከሚመጡት አማራጮች ርቀት መለኪያውን መርጣችሁ እስከ ሌላው ኤርፖርት ትጎትታላችሁ። መስመሩ ሲጎብጥ ካያችሁ አትደንግጡ። ያው ክሩ ነው።

ማይል ላይ ተጠንቀቁ። ይኸው ርቀት በተለመደው ማይል 2,890 ገደማ፣ በአብራሪዎች የባሕር ማይል ደግሞ 2,510 ገደማ ነው። የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነው፣ ተራው 1.609። ሁለቱን ያምታታ ሰው 15 በመቶ ያህል ይስታል።

አውሮፕላኑ ክሩን ይዞ ይሄዳል ማለት ግን አይደለም። የተፈቀዱ የአየር መንገዶች አሉ፣ ለጦር ኃይል የተከለለ ሰማይ አለ፣ ደመና አለ። እኔ የወንበሩ ስክሪን ላይ ያየኋቸው ጉዞዎች አብዛኞቹ የቬትናም ከተማ በሆነችው ዳናንግ አካባቢ ወደ ባሕር ወጥተው፣ ታይዋንን ታክከው ነው የሄዱት። ስለዚህ 4,650ን እንደ ዝቅተኛው ቁጥር ያዙት። የሚበረረው ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል።

ከኪሎ ሜትር ወደ ሰዓት

ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ከፍታቸውን ከያዙ በኋላ በሰዓት ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይበራሉ። 4,650ን ለ900 ስታካፍሉ 5 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይሆናል። ያ ኢንተርኔት ላይ ያያችሁት ትንሹ ቁጥር ከዚህ ነው የመጣው። አውሮፕላኑ ባንኮክ ላይ በ900 ብድግ ብሎ ቶኪዮ ላይ በ900 የሚያርፍ አድርጎ ነው የሚያስበው።

እንዲያ አይሆንም። ከበሩ ተላቆ ማኮብኮቢያው ድረስ ይንከባለላል። ተራ ይጠብቃል። ሲወጣ ፍጥነቱ ዝቅ ያለ ነው፣ ሲወርድም እንዲሁ። ካረፈ በኋላ ደግሞ እስከ በሩ ይሄዳል። ለዚህ ሁሉ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ ጨምሩ። ስድስት ሰዓት ሞላ። ትኬት ላይ የሚጻፈው ይኼ ነው። ከበር ተላቆ በር ላይ እስኪቆም ያለው ጊዜ እንጂ አየር ላይ ያለው ብቻ አይደለም።

ታዲያ መመለሻው ለምን ሰባት ሆነ?

ነፋሱ

የዚህ መንገድ ትልቁ ነገር ይኼ ነው። እኔም ከሁሉ በላይ የምወደው።

ጃፓን ሰማይ ላይ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ውስጥ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ጄት ስትሪም ይባላል። ልክ አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ ማለት ነው። በብርዱ ወራት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ በጣም ይበረታል። በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር ማለፉ የተለመደ ነው፤ አንዳንድ ቀን ከ300ም ይበልጣል። ለዚህ ነፋስ መነሻው ቅዝቃዜና ሙቀት ነው። ከሰሜን ያለው የእስያ ምድር በብርድ ሲደርቅ፣ ከደቡብ ያለው ባሕር ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ልዩነቱ በሰፋ ቁጥር ነፋሱ ይጠነክራል።

መጀመሪያ አጥንቶ የለካው ጃፓናዊ ነው። ዋሳቡሮ ኦኢሺ ይባላል። ከቶኪዮ ሰሜን ምሥራቅ፣ ዛሬ ጹኩባ በሚባለው ከተማ ውስጥ ባለው የታቴኖ ጣቢያ ፊኛ ወደ ሰማይ እየለቀቀ፣ ፊኛው ወዴትና በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሸሽ በመነጽር እየተከተለ ይመዘግብ ነበር። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1926 አሳተመ። ዓለም ሁሉ እንዲያነበው ብሎ በኤስፔራንቶ፣ የዓለም መግባቢያ እንዲሆን ተብሎ በተፈጠረው ቋንቋ፣ ጻፈው። ኤስፔራንቶ የሚያነብ ግን ጥቂት ስለነበር ከጃፓን ውጭ ብዙ ሰው ልብ አላለውም። እ.ኤ.አ. በ1944 የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ቶኪዮ ላይ ሲደርሱ ያ ነፋስ ራሱ ነው ከዒላማቸው ያሳታቸው። ናሪታ ስናርፍ ሁልጊዜ ያ ሰውዬ ትዝ ይለኛል። ጣቢያው ከኤርፖርቱ ብዙም አይርቅም።

አሁን ሒሳቡ። ነፋሱ መንገዱን ሙሉ እኩል አይነፍስም፤ ባንኮክ አካባቢ ደካማ ነው፣ ጃፓን ስትቀርቡ ይበረታል። በአማካይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ብለን እንያዘው። ስንሄድ ከጀርባችን ይገፋናል፣ ስለዚህ 900 ሲደመር 80፣ 980 ይሆናል። 4,650 ሲካፈል ለ980፣ 4 ሰዓት ከ45። ስንመለስ ፊት ለፊት ይገጥመናል፤ 900 ሲቀነስ 80፣ 820። 5 ሰዓት ከ40። የ55 ደቂቃ ልዩነት! በሁለቱም ላይ 50 ደቂቃ ስትጨምሩ 5:35 እና 6:30 ይሆናል። ነፋሱ ከዚህ ሲብስ ደግሞ መመለሻው ሰባት ይጠጋል።

ስለዚህ አንድ ሰው «ባንኮክ ቶኪዮ ስንት ሰዓት ነው?» ካላችሁ፣ መጀመሪያ ሁለት ነገር ጠይቁት። ወዴት አቅጣጫ? በየትኛው ወር? በሐምሌና በነሐሴ ነፋሱ ወደ ሰሜን ይሸሻል፣ ይዳከማልም። የዚያን ጊዜ መሄጃና መመለሻው ይቀራረባል። ለምትሄዱበት ቀን ቁርጡን ማወቅ ከፈለጋችሁ ፍላይትራዳር24 በሚባለው የበረራ መከታተያ ድረ ገጽ ላይ የበረራ ቁጥራችሁን አስገቡ። ያለፉት ቀናት በረራዎች በትክክል መቼ ተነስተው መቼ እንዳረፉ ይታያል። ሦስት አራቱን አይታችሁ መሐሉን ያዙ። ከማንኛውም ካልኩሌተር ይበልጥ እሱን አምናለሁ።

ሰዓቱን መቁጠር

ባንኮክ ከግሪንዊች 7 ሰዓት ትቀድማለች። ቶኪዮ 9። ልዩነታቸው ሁለት ሰዓት ነው። ሁለቱም አገሮች በበጋ ሰዓት አይቀይሩም፣ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ሁለት ነው። ይኼ ትልቅ እፎይታ ነው።

ትኬት ላይ ሁልጊዜ መነሻው በመነሻው ከተማ ሰዓት፣ መድረሻው በመድረሻው ከተማ ሰዓት ነው የሚጻፈው። ስለዚህ ሁለቱን ከመቀናነሳችሁ በፊት ወደ አንድ ከተማ ሰዓት አምጧቸው። ናሪታ 07:30 ማለት ባንኮክ 05:30 ነው። ከ23:30 እስከ 05:30፣ ስድስት ሰዓት። ሲመለስ፣ ናሪታ 17:30 ባንኮክ 15:30 ነው። ከ15:30 እስከ 22:30፣ ሰባት። «ስትሄዱ ሁለት ቀንሱ፣ ስትመለሱ ሁለት ደምሩ» የሚለውም ያው ነው፣ ግን ሰው ሲጣደፍ ያገላብጠዋል። እኔ አንዱን ከተማ መርጦ መቁጠሩን ነው የምመክረው።

እናቴ በዚህ ላይ የራሷ ሥራ ነበረባት። የእጇ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ነው የሚሄደው። 23:30 ለእሷ ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ነው። 07:30 ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል። ወረቀቱ ጀርባ ላይ ሁሉንም በእኛ አቆጣጠር ጻፍኩላት። እናታችሁ ወይ አባታችሁ ከእናንተ ጋር የሚጓዙ ከሆነ ይህን ሳታደርጉ አትነሱ።

ደስ የሚል ነገር አለ። ታዮችም በጥንት አቆጣጠራቸው ምሽቱን ከ12 ሰዓት ጀምረው ነው የሚቆጥሩት፣ እንደኛው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት «ሶንግ ቱም» ነው፤ ሶንግ ሁለት ማለት ነው። ሦስት ሰዓት «ሳም ቱም»። ይህን ስነግራት እናቴ ፊቷ በራ። አንድ ቀን ከታክሲ ሹፌር ጋ ስንደዋወል «ሳም ቱም» ሲል ከጎኔ ሆና ሦስት ጣት አወጣች።

እኩለ ሌሊት ላይ ግን ተጠንቀቁ። ከሦስት ዓመት በፊት በ12ኛው ቀን 00:15 የሚነሳ ትኬት ነበረኝ። በ12ኛው ቀን ማታ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ኤርፖርት ደረስኩ። የመንገደኛ መመዝገቢያው ጠረጴዛ ላይ የነበረችው ልጅ ፓስፖርቴን ደጋግማ አየችና ቀስ ብላ «በረራሽ ትናንት ሌሊት ሄዷል» አለችኝ። ሌላ ትኬት በሙሉ ዋጋ ገዛሁ። የወንድሜ ምርቃትም አመለጠኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ትኬታችሁ በ00 ወይም በ01 የሚጀምር ሰዓት ካለው፣ ከቤት የምትወጡት በፊተኛው ቀን ማታ ነው። ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ስትሞሉ የበረራውን ሰዓት ሳይሆን ከቤት የምትወጡበትን ቀንና ሰዓት ሙሉ።

የቱ ኤርፖርት?

ሁለቱም ከተሞች ሁለት ሁለት ኤርፖርት አላቸው። ባንኮክ ከምሥራቅ በኩል እ.ኤ.አ. በ2006 የተከፈተው ሱቫርናብሁሚ አለ፤ ኮዱ ቢ ኬ ኬ ነው። ስሙ ሲጻፍ እንዲህ ይርዘም እንጂ ታክሲ ላይ «ሱዋናፑም» በሉ፣ ይገባቸዋል። ከሰሜን በኩል አሮጌው ዶን ሙዌንግ አለ፣ ዲ ኤም ኬ። ርካሽ አየር መንገዶች የሚበዙት እዚያ ነው። በሁለቱ መካከል የባንኮክ የመኪና ጭንቅንቅ አለ። ተሳስቶ አንዱ ጋ የሄደ ሰው ሌላው ጋ ደርሶ የመሳፈር ዕድሉ ትንሽ ነው። ኮዱን ሦስት ጊዜ አንብቡ።

ቶኪዮ ደግሞ ሐኔዳና ናሪታ ናቸው። ሐኔዳ፣ ኤች ኤን ዲ፣ ከመሐል ከተማ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ሌት ተቀን ይሠራል። ናሪታ፣ ኤን አር ቲ፣ ቺባ በሚባለው ክፍለ ሀገር ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው ያለው። ሌሊት ለተወሰኑ ሰዓታት በረራ አይስተናገድበትም። በአየር ላይ ልዩነታቸው እዚህ ግባ አይባልም፣ ሐኔዳ ለባንኮክ ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ቢቀርብ ነው። መሬት ላይ ግን ይለያያሉ። ናሪታ ማታ አምሽቶ የሚያደርስ ትኬት ረከሰ ብላችሁ አትቸኩሉ። ባቡሮቹ ከእኩለ ሌሊት በፊት ያልቃሉ። ታክሲው የትኬቱን ቅናሽ በልቶ ይጨምራል።

እናም ከቤት እስከ ቤት ቁጠሩ። የኛ ጉዞ እንዲህ ነበር። ከቤት ሱቫርናብሁሚ አንድ ሰዓት። ከበረራው በፊት ሦስት ሰዓት። በረራው ስድስት። ናሪታ ኢሚግሬሽንና ሻንጣ አንድ ሰዓት። ስካይላይነር በሚባለው ፈጣን ባቡር እስከ ኒፖሪ ጣቢያ 40 ደቂቃ፣ ከዚያ እስከ ወንድሜ ቤት ሌላ 40። ሲደመር አሥራ ሁለት ሰዓት አለፈ። «ስድስት ሰዓት ነው» ብሎ በደረሰበት ቀን ጠዋት ቀጠሮ የያዘ ሰው ይደክማል። በነሐሴና በመስከረም የምትሄዱ ከሆነ የታይፉን ወቅት ስለሆነ ከቀጠሯችሁ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ትርፍ ያዙ።

ቦታ ስትመርጡ፣ ወደ ቶኪዮ ስትሄዱ በግራ በኩል መስኮት ያዙ። የፉጂ ተራራ በዚያ ወገን ነው።

እኛም በግራ ተቀመጥን። እናቴ ሰዓቷን የባንኮክ ላይ ተወችው፤ ራሷ ልትቆጥር ፈልጋ ነው። አውሮፕላኑ ከበሩ ሲላቀቅ ጎንበስ ብላ አየችው። ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ35። ሌሊቱን አልተኛችም። ስክሪኑ ላይ የጀርባ ነፋሱ እየጨመረ ሲሄድ በክርኗ እየነካች ታሳየኝ ነበር። ሊነጋ ሲል ፉጂ ብቅ አለ፣ በረዶው ቀላ ብሎ። ዝም ብላ አየችው።

በሩ ላይ ስንቆም ናሪታ 07:05 ነበር። ከተጻፈው 25 ደቂቃ ቀድመን። እናቴ እጇን ወደ መብራቱ አስጠግታ አነበበች። 11 ሰዓት ከ5።

«አምስት ሰዓት ተኩል» አለች።

ወንድሜ ከመውጫው በር ማዶ እጁን እያውለበለበ «እማ! እትዬ!» ሲል ገና አላየችውም ነበር። ሰዓቷን ሁለት ሰዓት ወደፊት እያዞረች ነበር።